የአውራ ጣት ምስክር

ጭቃ ሹም ሣህሌ የሰው ልብ የሚያነበው ከእግር ጣት ላይ ነበር። ሌላው ሽማግሌ ተጠርጣሪ ሲቀርብለት ዐይን ዐይኑን ያያል፣ ከንፈሩ ደርቆ እንደሁ ይመለከታል፤ ሣህሌ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያጎነብስና የሰውየውን አውራ ጣት ያያል። «ዐይን ይዋሻል፤ ምላስማ ሥራዋ ነው። አውራ ጣት ግን ከጭንቅላት ሩቅ ስለሆነ ውሸቱ ቶሎ አይደርሰውም» ይላል። በእሱ ትምህርት መሠረት ጥፋት ያለበት ሰው ሲጠየቅ፣ ሳያውቀው አውራ ጣቱ አፈር ይጭራል። በዚህ ጥበብ ማንም ተከራክሮት አያውቅም። ለመከራከር ማጎንበስ ያስፈልግ ነበርና።

ከየካ ተራራ ሥር እስከ ቀበና ወንዝ በተዘረጋችው መንደር ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የጠጅ ጣይዋን የለተጊዮርጊስን አውራ ዶሮ ሰባት ቤት አስፈትሾ ያስገኘ እሱ ነው። የዓለሙን የጭነት ገመድ ከዓለሙ ከራሱ አማች ጣት ላይ አንብቦ ያስመለሰም እሱ ነው። እርግጥ፣ አሁን አጠገባችን የለምና እንናገረው፣ የሚረዳው ጣት ብቻ አልነበረም። አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓትም ነበረለት። አውጫጭኝ ሲጠራ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መስክ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። በሁለተኛው ቀን ሆዱ የተጣበቀ ሰው ያልሰረቀውንም ያምናል። ዱቤ የሚባል ደግ ሰው አንድ ጊዜ ሦስት ስርቆት አምኖ ከሄደ በኋላ ሁለቱ ዕቃዎች ጭራሽ እንዳልጠፉ ታውቋል። ሣህሌ ግን ሦስቱንም እንዳገኘ ይቆጥራቸዋል።

«ሣህሌ ተሳስቶ አያውቅም» ይባል ነበር። ይህ ቃል ለሣህሌ ከእርሻውም ከበቅሎውም ይበልጥበታል። ልጅ አልወለደም፤ የሚያወርሰው ስሙን ነው። ለማን እንደሚያወርሰው ግን አስቦበት አያውቅም።

ታዲያ በጥር ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሣህሌ የራሱ ዕቃ ጠፋ። ከአባቱ የወረሰው ጋሻ ነው፤ ከጎሽ ቆዳ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ ሰባት የብር ፈርጥ የተመታበት። ሣህሌ ጦር ሜዳ ይዞት ወጥቶ አያውቅም። በበዓል ቀን ግን እሱን አንግቦ ሲሄድ ቁመቱ አንድ ስንዝር ይጨምራል።

«ከግድግዳዬ ላይ ሰረቁኝ!» እያለ ጮኸ።

ባለቤቱ ወለተማርያም በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቆመች።

«ከግድግዳ ላይ?»

«አዎ፣ ከግድግዳዬ ላይ!»

«አንቱ፣ አጥሩን ቢጠይቁት አይሻልም?»

«አጥር ጣት የለውም» አለና እየተቆጣ ወጣ። ወለተማርያም ከሃያ ዓመት በላይ አብራው ኖራለችና መልሳ መፍተሏን ቀጠለች። ይህ ሰው ነገር የሚገባው ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ራሱን ከግንብ ጋር አጋጭቶ ሲመለስ እንደሆነ ታውቃለች።

በማግሥቱ ረቡዕ አውጫጭኝ ተጠራ። ከሳሹም እሱ፣ መርማሪውም እሱ፣ ሰብሳቢውም እሱ ሆነ። አርባ የሚያህል ወንድ መስኩ ላይ በረድፍ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ሣህሌ እጁን አጣምሮ፣ አጎንብሶ፣ ከጣት ወደ ጣት ማለፍ ጀመረ። ዓለሙን አለፈው። ሰቦቃን አለፈው። ዱቤ ገና ሳይደርሱበት «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሣህሌ «ዝም በል» ብሎት አለፈ። ከዚያ ባለ ቀፎው ነገሳ ጋ ደረሰ።

ስለ ነገሳ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሣህሌና ነገሳ እኩዮች ናቸው፤ ባንድ ገበታ ሲበሉ፣ ባንድ ዋንጫ ሲጠጡ የኖሩ። የነገሳ ልጅ ጂቱ ያደገችው በሣህሌ ጉልበት ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከአምስት ዓመት በፊት ግን ከነገሳ ቀፎ አንድ መንጋ ንብ ተነሥቶ ሣህሌ ደጅ ካለው ወይራ ላይ ሰፈረ። ነገሳ «ንቡ የኔ ነው» አለ። ሣህሌ «ዛፉ የኔ ነው» አለ። ነገሩ ለጭቃ ሹሙ ቀረበ። ጭቃ ሹሙ ማን ነው? ሣህሌ። ለማን ፈረደ? ለሣህሌ። ንቦቹ ፍርዱን ሳይቀበሉት ቀሩና በወሩ ጥለውት ሄዱ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚለዋወጡት በቅንድብ ብቻ ሆነ።

የበደሉትን ሰው ማመን ከባድ ነው። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተበቀለን ስለማይገባን፣ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር «ይኸው፣ አሁን ተበቀለ» እንላለን። ሣህሌም ነገሳ ፊት ሲያጎነብስ ልቡ ቀድሞ ፈርዶ ነበር። ያን ጊዜ የነገሳ ቀኝ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ አፈሩን ጫረ። ቆመ። እንደገና ጫረ።

«ተገኘ!» አለ ሣህሌ።

ነገሳ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ሣህሌ፣ እሑድ ልጄን እድራለሁ። ዛሬ ሌባ ትለኛለህ?»

«የምልህ እኔ አይደለሁም። ጣትህ ነው።»

«አማቾቼ ከኮተቤ ነው የሚመጡት። የሌባ ልጅ ይዘው የሚሄዱ ይመስልሃል?»

ሣህሌ ይህን አላሰበበትም ነበር። ቢያስብበትም ግን አሁን «ተገኘ» ብሏል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰቦቃ ከረድፉ ተነሣ። «ዋስ እሆነዋለሁ! ነገ ዳኛ ፊት ይቅረብ፤ እስከዚያ ቤቱ ይግባ» አለ።

«አይሆንም» አለ ነገሳ። «ዋስ አልጠራም። ዋስ የሌለው ሰው ሕጉ ምን ይላል? ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። እንቆራኝ።»

ሕጉ እንዲያ ይላል፤ ግን ተከሳሽ ራሱ ሲጠይቀው የሰማ ሰው አልነበረም። ከወዲያ ከወዲህ ሳቅ አመለጠ። ሽማግሌው አባ ወልደ ሐዋርያት ተጠሩ፤ የሣህሌን ሸማ ጫፍና የነገሳን ሸማ ጫፍ ወስደው ሦስት ጊዜ ቋጠሩት። «እንጦጦ ዳኛ ፊት ሳትደርሱ ይህን የፈታ እሱ ተረታ» አሉ። «አብራችሁ ትበላላችሁ፣ አብራችሁ ትተኛላችሁ፣ ለሌላውም ጉዳይ አብራችሁ ትወጣላችሁ። እግዚአብሔር ይርዳችሁ።»

ሣህሌ ቋጠሮውን አየ። በክንድ ርቀት ያለውን ነገሳን አየ። «ችሎቱ ነገ ነው። እስከዚያ የት እንውላለን?»

«የት ይመስልሃል?» አለ ነገሳ። «የልጄን ዳስ ማን ይሠራልኛል?»

እንዲህ ሆኖ ከሳሽ የተከሳሽን ዳስ ሊሠራ ሄደ። ነገሳ ጉድጓድ ሲቆፍር ሣህሌ አብሮ ያጎነብሳል፤ ነገሳ ግንድ ሲሸከም ሸማው ስለሚጎትተው ሣህሌም ሌላውን ጫፍ ይሸከማል። ከሹመቱ ወዲህ ከዘንግ የከበደ ነገር አንሥቶ አያውቅም። የመንደሩ ሴቶች በየአጥሩ ብቅ እያሉ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። የነገሳ ሚስት ኢፍቱ ወጥታ አየችው፤ ምን ልትለው እንደፈለገች ከፊቷ ይነበባል፤ ግን ጠላ ቀድታ ሰጠችው። «ይጠጡ» አለችው። «የታሰረ ሰው ይጠማዋል።»

ጂቱም ውኃ ይዛ መጣች። ድሮ «አባባ ሣህሌ» እያለች ጢሙን የምትጎትተው ልጅ ናት። አሁን ጠጕሯ ለሙሽርነት ተሠርቷል። አባቷን አጠጣች፣ እሱንም አጠጣች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። ጣሳውን ስትቀበለው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሣህሌ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስክር አይሆንም ብሎ የሚያስተምር ሰው ነው። ያም ሆኖ ያን እጅ እስከ ጓዳው በር ድረስ በዐይኑ ሸኘው።

ከሰዓት በኋላ ለዳሱ ጣሪያ ቅጠል ሊቆርጡ ወደ ቀበና ገደል ወረዱ። ጅቦች ቀን ቀን የሚተኙበት ገደል ነው፤ ከእንጨት ለቃሚ በቀር ሰው አይደርስበትም። ነገሳ በማጭድ ቅርንጫፉን ሲመለምል፣ ሣህሌ የሚረገጥበትን እየፈለገ ወደ ታች ያያል። መቼስ ወደ ታች ማየት ልማዱ ነው። እንደ ኖራ የነጣ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የጅብ ዐይነ ምድር እግሩ ሥር አየ። ከመካከሉ አንድ ነገር አበራ።

የብር ፈርጥ ነበር። በጥፍር የምትያዝ፣ ጫፏ በጥርስ የተንጋደደች። ሣህሌ እነዚያን ሰባት ፈርጦች ከልጅነቱ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ያደገ ነው፤ በጨለማም አይሳሳታቸውም።

ያን ጊዜ ሰኞ ዕለት ሙሉው መጣለት። በእርግጥ መጣለት ማለት አይቻልም፤ እዚያው ነበረ፤ እሱ ነው ጀርባውን ሰጥቶት የኖረ። ጥር በገባ ቁጥር እንደሚያደርገው ሰኞ ጋሻውን ቅቤ ቀባው። ቆዳው እንዲጠጣ ፀሐይ ላይ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ለተጊዮርጊስ አዲስ ጠጅ አወጣሁ ብላ ላከችበት። ሲመሽ ሲመለስ ወለተማርያም «አንቱ፣ ጋሻውን ያስገቡ» አለችው። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ «የሣህሌን ጋሻ ማን ይነካል!» ብሎ ገብቶ ተኛ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ለዚህ ጅብ ግን በሚያውቁት አገር፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በብር አሸብርቆ ነው የቀረበለት።

ሣህሌ እግሩን አንሥቶ ፈርጡ ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለ ነገሳ።

«እሾህ ነው።»

«እሾህ ላይ ቆመህ ልትቀር ነው?»

ሣህሌ ነቅነቅ ብሎ አንድ እርምጃ ራቀና ጀርባውን ሰጠ። ነገሳ የቆረጠውን ቅጠል ሊሰበስብ አጎነበሰ። ትንሽ ቆየ። ሸማው ተወጥሮ ስለነበር ሣህሌም ወንዙን እያየ ጠበቀው። ከዚያ ቅጠሉን ተሸክመው ወደ ላይ ወጡ።

በዚያች ማታ ባንድ መደብ ላይ ተኙ። ነገሳ ወዲያው አንኮራፋ። ሣህሌ ግን ጎኑን መገልበጥ ቢፈልግም ቋጠሮው አልፈቀደለትም፤ በአንድ ጎኑ ተኝቶ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ ሲያመነዥክ አደረ። ቢናገር፣ «ሣህሌ ተሳስቶ አያውቅም» የሚባለው ነገር አለቀ፤ የዶሮውም የገመዱም ነገር እንደገና ይነሣል፤ ዱቤ እንኳ ይስቅበታል። ባይናገር ነገሳ ሌባ ይሆናል፤ የኮተቤ ሰዎች እሑድ አይመጡም። እዚህ ላይ ሲደርስ የጂቱ እጅ ትዝ ይለዋል። ከዚያ እንደገና ከዱቤ ይጀምራል።

ሐሙስ ጠዋት ወለተማርያም ስንቅ ይዛ መጣች። አገልግሉን ለነገሳ አቀበለችው፤ ባሏን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አየችው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለች። «እንዴት አደሩ? ጠራልዎ?»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም።

የእንጦጦን ዳገት ተያያዙት። ጽዱ ለአዲሱ ከተማ ቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ስለነበር መንገዱን ግንድ ጎታች ሞልቶታል፤ ያየ ሁሉ ቆሞ ይስቃል፤ «ማን ነው ከሳሹ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከፊታቸው አይታወቅም ነበር። ነገሳ እንደ ፍየል ዳገቱን ይወጣል፤ ሣህሌ ያለከልካል፤ ላቡ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆመ። ነገሳም ግድ ሆኖበት ቆመ።

«ነገሳ፣ ስማኝ። እኔና አንተ የቆየን ሰዎች ነን። ክሱን ልተወው። እዚሁ ይቅር እንባባል፣ ቋጠሮውን እኩል እንፍታው፣ እንመለስ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ሣህሌ ማረው ይላል።»

«ኤዬ፣ ሣህሌ ማረው» አለ ነገሳ እያዘገመ። «የሚማር ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ምን አጥፍቻለሁ?»

ሣህሌ ዳገቱን ቀጠለ። በሐሳቡ የሠራት የማምለጫ በር ያቺ ብቻ ነበረች፤ ነገሳ በሁለት ቃል ዘጋት።

ዳኛ ፀሐዬ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተቀምጠው ያስችሉ ነበር። ሸምገል ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ረጅም ንግግር የሚጠሉ ሰው ናቸው። ይህን የሚያውቅ ባለጉዳይ ግን የለም፤ የሙግት ለዛ የማይወድ ሰው በአገሩ አይገኝምና ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። ሣህሌ ሕዝብ ሲያይ ልማዱ ያዘው። ሸማውን አደገደገ፤ ሲያደገድግ ነገሳን ጎተተው። ዘንጉን አነሣ፦

«በላ ልበልሃ!
ንብ ያለ አበባ ማር አይሠራም፣
ጋሻ ያለ ሌባ ከቤት አይወጣም!»

ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ሣህሌ ሞቅ አለው። ስለ አባቱ ተናገረ፣ ስለ ጎሹ ተናገረ፣ ስለ ሰባቱ ፈርጥ አንድ በአንድ ተናገረ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረች፤ ሰባተኛውን ሳይጠራው ቀረ።

«አንተስ?» አሉ ዳኛው ነገሳን።

«አልሰረቅሁም ጌታዬ። ሌላ ቃል የለኝም።»

«ተባረክ» አሉ ዳኛ ፀሐዬ ከልባቸው። ወደ ሣህሌ ዞሩ። «ዝናህን ሰምቻለሁ። በጣት ታውቃለህ አሉ። እንግዲያው ነገር አናብዛ። ነገሳ፣ እግርህን ወደፊት አድርግ። አልሰረቅሁም በል።»

ነገሳ እግሩን ወደፊት ዘረጋ። «አልሰረቅሁም» አለ። ችሎቱ በሙሉ አጎነበሰ። አውራ ጣቱ ከአፈሩ ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ንቅንቅም አላለ።

ሁሉም ቀና ብለው ሣህሌን አዩ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ጌታዬ፣ የደነደነ ሌባ ጣቱ አይንቀሳቀስም፤ ይህ የባሰው ዓይነት ነው» ሊል ነው። ቢለው ያምኑታል። ሣህሌ ተሳስቶ አያውቅማ። አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ከጉልበቱ በታች አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው። የራሱ አውራ ጣት ነበር፤ ደረቁን አፈር እየጫረ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሯል። ከዳኛው ጀምሮ ማንም አላየውም፤ ከሳሽን ማን ያጎነብስለታል? ነገሳ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ያችን ጉድጓድ ያያል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ሣህሌ አፉን ዘጋ። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ነገሳ እግር አጠገብ አኖረው።

«የጥፋተኛው ጣት ይኸኛው ነው» አለ።

ሳቅም ቁጣም የለም፤ ማንም አልገባውም። ሣህሌም ጋሻውን ለማዳን ያላወጣውን ፍጥነት አውጥቶ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገረ፦ ቅቤውን፣ አጥሩን፣ ጠጁን፣ «ማን ይነካል» ያለውን፣ ገደሉን፣ የረገጠውን ፈርጥ። «ሌባው ጅብ ነው ጌታዬ። ቀብቶ ያቀረበለት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ችሎቱ ፈነዳ። ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሳቀ። «ጅቡ ይጠራ!» አለ አንዱ። «ዋስ አለው ወይ?» አለ ሌላው። ሣህሌ ጆሮው ጋለ፤ ሃያ ዓመት የገነባው ስም በጆሮው እየፈረሰ ሲወርድ ሰማው። የሚገርመው ግን ደረቱ ቀለለው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ዳኛ ፀሐዬ ሳቃቸውን በነጭ ጢማቸው ውስጥ ደበቁ። «ፈርጡስ የታለ? ሰው ጅብን ሲከስ ማስረጃ ያስፈልገዋል።»

«ገደሉ ውስጥ ቀረ ጌታዬ።»

«አልቀረም» አለ ነገሳ። ከሣህሌ ጋር ያልተቋጠረውን የሸማውን ሌላ ጫፍ ፈታና ፈርጡን ዳኛው መዳፍ ላይ አኖረ። «አጥቤዋለሁ» አለ።

ዳኛው ፈርጡን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ነገሳን አዩ። «ከመቼ ጀምሮ ይዘኸዋል?»

«ከትናንት።»

«ሌባ ስትባል ዝም ብለህ የቆምከው ይህን ይዘህ ነው? ለምን ቀድመህ አላወጣኸውም?»

ነገሳ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሣህሌ የሰው ልብ ያውቃል ይሉታል ጌታዬ። የራሱን ያውቅ እንደሁ ልይ ብዬ ነው።»

ሣህሌ አንገቱን ደፋ። ይሄ ሁሉ ዓመት ሲያነብ የኖረ እሱ መስሎት ነበር። የተነበበው ግን እሱ ነው፤ ያውም ማንበብ ያልተማረ፣ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው ያነበበው።

«እንግዲህ» አሉ ዳኛ ፀሐዬ፣ «በሐሰት የከሰሰ ይክሳል። ነገሳ፣ ካሳህን ጥራ።»

«በቅሎውን በለው!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «ሹመቱን!» አለ ሌላው። ሣህሌ ዐይኑን ጨፈነ። ሁሉንም ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ዳሴ አላለቀም ጌታዬ» አለ ነገሳ። «በምሥራቅ በኩል ያለው ገና ቅጠል አልለበሰም። እኔም ብቻዬን አልችለውም። ቋጠሮው እስከ እሑድ አይፈታብኝ።»

ዳኛ ፀሐዬ ከዚህ በላይ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ጉልበታቸውን ይዘው እየሳቁ «ተፈርዷል» አሉ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ግንድ ጎታቾቹ «የጅቡ ጭቃ ሹም!» እያሉ እጅ ይነሡታል፤ ይህ ስም እስኪሞት ድረስ አብሮት እንደሚኖር ሣህሌ ያን ጊዜ አወቀው። አልተቆጣም። ቀና ብሎ እጅ ነሣቸው። ሲወርዱ ሸማው አይወጠርም፤ እርምጃቸው ሳያስቡት እኩል ሆኗል። ከቀበና ማዶ የነገሳ ዳስ ግማሽ ጎኑ አረንጓዴ፣ ግማሹ ራቁቱን ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ሣህሌን አላስቀመጠው አለ። ጥበቡ ፈጽሞ ከንቱ ነው ብሎ ለመቀበል አንድ ቀን አልበቃውም።

«ነገሳ። ትናንት መስኩ ላይ ጣትህ አፈር ጭሯል። ሁለት ጊዜ። በዐይኔ አይቻለሁ። ምንም ካልሰረቅህ ለምን ጫረ?»

ነገሳ ከዛፍ ላይ አንድ ቅጠል ቀጠፈ፤ ለዳሱ እንደማይሆን አይቶ ጣለው።

«ለጂቱ ሰርግ ምን ብዬ እንደምጠራህ እያሰብኩ ነበር» አለ። «አምስት ዓመት በቅንድብ ሰላም ስንባባል ቆይተን በምን አፌ? እሷ ደግሞ አባባ ሣህሌ ካልመጣ ብላ ስታስጨንቀኝ ነው የሰነበተች። አንተ ወደኔ ስታጎነብስ፣ አሁን በጆሮው ልንገረው ብዬ ተነሣሁ። አንተ ቀደምከኝና ‹ተገኘ› አልክ።»

ሣህሌ ቆመ። ሸማው ተወጠረና ነገሳም ቆመ። እውነት ይሁን ውሸት ሣህሌ የሚያረጋግጥበት አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ልማድ ነውና የነገሳን አውራ ጣት ሊያይ አጎነበሰ። እንባው ግን አላሳየው አለ።